የኅብስቱ ብረትና የትርንጎ እንባ

ባለፈው ሰኔ ከአስመራ በአውቶቡስ አንድ ካርቶን መጣልን። አዲሱ አባ ራሳቸው ወረታ መገንጠያው ድረስ ወርደው ተቀበሉና ግቢው መካከል አስቀምጠው ከፈቱት። ውስጡ የታሸጉ የቆርቆሮ ጣሳዎች፣ በጣሳዎቹም ውስጥ በማሽን የተጋገረ የቅዳሴ ኅብስት ነበር። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ነጭ፣ ጠርዙ አንድም ቦታ ያልተሸረፈ።

«እንግዲህ እማማ ካሰች፣ አንቱም ይረፉ። ዕድሜዎን ሁሉ እሳት ፊት ነው የጨረሱት» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባ» አልሁ። በሆዴ ግን፣ ማሽኑስ ሲጋግር ማንን እያለ ይጸልያል፣ እያልሁ ነበር። አንዱን ኅብስት አንሥቼ ወደ ፀሐይ ያዝሁትና እንከን ፈለግሁበት። አላገኘሁበትም። ያን ዕለት ምሳም እራትም አልበላሁም።

ቅናተኛ ነኝ። ይህን ከፊት ልናገርና ልገላገል። ፈረንጁ አባ ማርቆስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለኑዛዜ ስገባ ገና ሳልንበረከክ «ቅናት ነው አይደል? ሌላ ካለሽ እሱን ንገሪኝ» ይሉኝ ነበር። በሰው ከብት ቀንቼ አላውቅም። ፎገራ ላይ ተወልዶ በከብት የማይቀና ሰው ብርቅ ነው፤ እኔ ግን አልቀናሁም። በሰው ባልም አልቀናሁም። እኔ የቀናሁት በአንዲት ሴት እንባ ነው። ስለ ሥራ ዘመኔ ላውራ ብል እሷን ሳልነካ ማለፍ አልችልም፤ ያም ራሱ ያናድደኛል።

ሥራዬ የቅዳሴ ኅብስት መጋገር ነበር። አገሩ ሁሉ እንደሚያውቀው በኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ይህ የዲያቆን ሥራ ነው፤ ሴት ኅብስቱ ወደሚጋገርበት ቤተ ልሔም አትጠጋም። እኛ ካቶሊኮቹ ግን በዚያች በቆርቆሮ ክዳን ቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን አልነበረንም፤ የነበሩን አንዲት ባልቴት መነኩሲት፣ እማሆይ ሐመልማል ነበሩ። «ሴት የጋገረችውን ይቆርባሉ» እየተባለ በገበያው ስንታማ ኖረናል። አቤት፣ የወረታ ቅዳሜ ገበያ ያላማን ነገር የለም!

እኔ የቁሐር ሚካኤል መንደር ምራት ነበርሁ። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ሽምብራ በሚዘራበት ወራት፣ ባሌን ወባ ወሰደብኝ። ሳልስቱ ሳይወጣ እኔንም ጣለኝ። ወንድሜ በቃሬዛ አሸክሞ ወረታ አወረደኝና፣ አባ ማርቆስ ኪኒን እያስዋጡ አዳኑኝ። ከዳንሁ በኋላ ወዴት ልመለስ? የባሌ ወንድሞች በሬውንም መሬቱንም ተካፍለዋል። እዚያው ግቢ የመሠዊያ ልብስ እያጠብሁ ቀረሁ፣ ትምህርቱንም ተምሬ ወደ ሃይማኖታቸው ገባሁ። ደመወዝ ይሉት ነገር አልነበረኝም፤ እህልና አንድ ጓዳ ተሰጠኝ፣ በዓመት አንድ ቀሚስ።

ሰው ግን ስም አወጣልኝ፤ «የኪኒን ካቶሊክ» አሉኝ። የገዛ ወንድሜ ሳይቀር «መድኃኒቱ ሲያልቅ ትመለሻለሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ስድቡ ያቃጠለኝ ሐሰት ስለሆነ አልነበረም፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብዬ ስለፈራሁ ነው። ሌላው ሰው እምነቱን ከእናቱ ጡት ጠብቶታል፤ እኔ በውሃ ነው የዋጥሁት።

እማሆይ ሐመልማል ዓይናቸው ከጢስ የተነሣ ሁልጊዜ የሚያለቅስ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ሴት ነበሩ። ብረቱ የእሳቸው ነበር። ሁለት ክብ ዝርግ ብረቶች ፊት ለፊት የተገጠሙበት፣ እንደ ቀጥቃጭ ጉጠት ረጅም እጀታ ያለው ዕቃ ነው። በአንደኛው ፊት ላይ መስቀል ተቀርጾበታል። ሊጡ መካከሉ ጠብ ይደረግና ብረቱ ይዘጋል፤ ከእሳቱ ላይ ይያዛል፤ ይገለበጣል፤ ሲከፈት እንደ ወረቀት የሳሳ ነጭ ኅብስት ይወጣል።

ሲነገር ቀላል ነው። ስንዴው ነጩ ተለይቶ፣ ታጥቦ፣ በንጹሕ ነጠላ ላይ ደርቆ፣ በእጅ ወፍጮ ነው የሚፈጨው፤ የሞተር ወፍጮ የዘይት ሽታ ይሰጠዋል። ዱቄቱ በወንፊት ከተነፋ በኋላ እንደገና በሻሽ ይነፋል። እርሾ የለው፣ ጨው የለው፣ ውሃ ብቻ። ሊጡ እንደ ቀጭን አጥሚት መፍሰስ አለበት። ብረቱ በጨርቅ በተቋጠረ ሰም ይታሻል። ግለቱ የሚለካው በአንዲት ጠብታ ውሃ ነው፤ ጠብታዋ ብረቱ ላይ ተኝታ ከቀረች ገና ነው፤ ተንጫጭታ ከሮጠች ደርሷል።

የቀረውን ጊዜ እማሆይ የሚለኩት በጸሎት ነበር። ብረቱን ሲዘጉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጸጋን የተመላሽ ማርያም ሆይ» ይጀምራሉ። «የማሕፀንሽም ፍሬ» ሲሉ ይገለብጡታል። «አሁንም በሞታችንም ጊዜ» ብለው አሜን ሲሉ ይከፍቱታል። ለአንድ ኅብስት አንድ ጸሎት ነው። መቁጠሪያቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል እንጂ አይቆጥሩበትም፤ «ኅብስቶቹ ራሳቸው መቁጠሪያ ናቸው» ይሉ ነበር። ብረቱ ተዘግቶ ሳለ ጳጳስ ቢመጣ አያናግሩም።

«ጸሎቱን አታስረዝሚ፣ አታሳጥሪ» አሉኝ ብረቱን መጀመሪያ ያስያዙኝ ዕለት። «እግዜር ቢቸኩል እንኳ ብረቱ አይቸኩልም።»

እኔም እጄ ቶሎ ለመደ። ድምፄም እንደ ወፍጮ ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው፤ አይወጣም አይወርድም። ኅብስቴ አላረረም፣ ጥሬም አልሆነ። ችግሩ ሌላ ነበር። ጸሎቱን ስል ልቤ ብረቱ ላይ ነው፤ ዓይኔ እሳቱ ላይ ነው፤ ደረቴ ውስጥ አንድም ነገር ንቅንቅ አይልም። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ብንበረከክም ያው ነኝ። ይህ ነገር ሲያስጨንቀኝ ጊዜ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፣ ስጸልይ ምንም አይሰማኝም። እምነት የለኝም ይሆን?»

«ብረቱ ይግላል?»

«ይግላል።»

«ኅብስቱስ ይበስላል?»

«ይበስላል እንጂ።»

«ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?» ብለው ብረቱን በሰም ማሸት ጀመሩ። እኔ አልጠገብሁም። መልስ አልመሰለኝም።

ትርንጎ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ከርብ ወንዝ ማዶ ከሸክላ ሠሪዎች መንደር እንስራ አዝላ ለቅዳሜ ገበያ የምትወርድ፣ ከእኔ ጥቂት የምታንስ ሴት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ዕቃዋን ሸጣ ከቤተ ክርስቲያናችን ጥላ ሥር ተቀመጠች። እኛ ውስጥ መቁጠሪያ እየደገምን ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች። ሁዳዴ ሲገባ ግቢ ውስጥ ነበረች፤ ፋሲካ ሲደርስ ከእኛ አንዷ ሆነች።

እሷ ስትጸልይ ታለቅሳለች። ድምፅ አታሰማም፤ እንባዋ ብቻ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ያየናት ዕለት ሴቶቹ ሁሉ ዘወር ብለው ቀሩ። አባ ማርቆስ ንባባቸውን አቆሙ። በሚቀጥለው እሑድም ስብከታቸው ላይ «እንደ እኅታችን እንደ ትርንጎ ጸልዩ» አሉ። አስቡት እንግዲህ! እኔ ስንት ዓመት መሠዊያውን አጥቤ፣ እሳት ፊት ፊቴ ተጠብሶ፣ አንድ ቀን «እንደ ካሰች» ተብሎ አልተሰበከም።

ቀናሁ። አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ። እኔ በኪኒን ገብቼ ስንት ዓመት ያንኳኳሁትን በር እሷ ከጥላ ሥር ተነሥታ ገፋ አድርጋ ገባች። አንድ እሑድ ቀይ ሽንኩርት ከትፌ፣ በእጄ ዓይኔን ጠራርጌ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። እንባውስ ወረደ። እማሆይ ከአጠገቤ ተንበርክከው አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና «ዛሬስ ወጥ ጥደሽ ነው የመጣሽ?» አሉኝ። ሳቄን ለመያዝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትሁ።

እማሆይ ትርንጎን ለወፍጮውና ለወንፊቱ ረዳት አደረጓት። እሷም ከሰፈሯ ጭቃ አምጥታ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ልክክ ያለ አንድ ማሰሮ ሠራች። ኅብስቱ በእሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ የክዳኑ ዙሪያ በሰም ተመርጎ፣ ማሰሮው ሞቅ ባለ አመድ ላይ ሲቀመጥ ክረምት ከበጋ ሳይለይ ጥርት ብሎ ይቆያል። እማሆይ ማሰሮውን እያገላበጡ ሲያደንቁ እኔ ልብስ ላሰጣ ብዬ ወጣሁ።

አንድ ቀን ብረቱን አስያዟት። ትርንጎ «ጸጋን የተመላሽ» ብላ ጀመረች፣ እንባዋ መጣ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደ ሄደች እንጃ፤ ብረቱን ሳትገለብጠው ቀረች። ሲከፈት ኅብስቱ ባንድ ጎኑ ከሰል ሆኗል። ደገመች፤ ደግሞ አረረ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ። እማሆይ ግን ሳቁና ያረረውን እንዳለ አኘኩት።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። የፍልሰታ በዓል ነበር፣ ክረምቱ የከበደበት ዓመት፣ ፎገራ ሜዳ ከጣና ጋር አንድ ሐይቅ የሆነበት። ጳጳሱ ሊጎበኙን እንደሚመጡ ተነገረን። እማሆይ ቁርጥማታቸው ተነሥቶባቸው ከአልጋ አልወረዱም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ። ከበዓሉ ቀደም ብዬ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጋግሬ፣ በክብ መቁረጫ ቆራርጬ ጨረስሁ። የቀረው ማስቀመጥ ብቻ ነው።

አባ ማርቆስ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከአገራቸው የተላከላቸውን የብስኩት ጣሳ ባዶውን ሰጥተውኝ ነበር። ክዳኑ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ተሥሎበታል፤ ያብረቀርቃል። «ይህ ለካሰች» ብለው በሰው ፊት ነው የሰጡኝ። ኅብስቴን የት ላስቀምጥ? ከትርንጎ ማሰሮ ወይስ ከራሴ ጣሳ? ትርንጎ እሳቱ አጠገብ ቆማ «እታለም፣ ክረምት ነው፣ ማሰሮው ይሻላል» አለችኝ። እሷ ባትናገር ምናልባት ማሰሮው ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ስለተናገረች ጣሳው ውስጥ አደረግሁት።

ቆርቆሮ በክረምት ያልበዋል። ይህን ዛሬ ማንም ልጅ ይነግራችኋል። የበዓሉ ዕለት ጧት ጣሳውን ስከፍት ያ ሁሉ ኅብስት እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ አገኘሁት። ጳጳሱ ርብን ተሻግረው በበቅሎ እየመጡ ነው የሚል መልእክተኛ ደርሷል። ሰው ግቢውን ሞልቷል። አንዲት ደህና ኅብስት የለችኝም።

ሊጥ አቡክቼ ወደ እሳቱ ሮጥሁ። ከሰሉ ርሷል፤ ዝም ብሎ ይጨሳል እንጂ አይግልም። የመጀመሪያው ኅብስት ቢጫ ሆኖ ጢስ ጢስ ሸተተ፤ ሁለተኛው ብረቱ ላይ ተጣብቆ ተቀደደ። አባ ማርቆስ በሩን ከፍተው አዩኝና መልሰው ዘጉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ትርንጎ በሩን በርግዳ ገባች። ከጎረቤት ጓዳ የኩበት ፍም በገል ሙሉ ይዛለች፤ አመዱ የነጣ፣ ጢሱ ያለቀ፣ ቀይ ፍም። ሸክላ የሚያቃጥል ሰው ኩበትን ያውቀዋል። እሳቱን በእጇ ደልደል አድርጋ ዘረጋችው፣ ብረቱን አጸዳች፣ ሰሙን አሸች። ከዚያ እጀታውን ከእጄ ወሰደች።

«እታለም፣ አንች ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በይ። እኔ እይዛለሁ።»

«ምን ልበል?»

«ጸሎቱን ነዋ! አንች በይ፣ እኔ እገለብጣለሁ።»

ጸለይሁ፤ እሷ ጋገረች። «የማሕፀንሽም ፍሬ» ስል ትገለብጣለች፤ አሜን ስል ትከፍታለች። አንድም አላረረም። ጳጳሱ ከበቅሎ ሲወርዱ ኅብስቱ ሳሕኑ ላይ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ «ማን ነው የጋገረው?» ብለው ቢጠይቁ አባ ማርቆስ በጣታቸው ወደ ትርንጎ አመለከቱ። ጳጳሱ ራሷን ዳሰሱና ባረኳት። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ የቄስ ከበሮ መቺ እንኳ ከእኔ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ይታያል፣ አልሁ በሆዴ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን ሰው ሁሉ ያን ዕለት ትርንጎን ብረቱ ላይ አይቷታል። ከምእመኖቻችን መካከል አቶ ፈንቴ የሚባል፣ ሃይማኖቱን አክባሪ ግን አፉ ክፉ ገበሬ ነበር። መስከረም ላይ ልጁን ሆዷን አመማት። በዚያ ወራት ሆዱን የማያመው ልጅ የለም። ፈንቴ ግን «የሸክላ ሠሪ እጅ የነካውን አብልታችኋት ነው! በልተዋታል!» ብሎ ግቢው መካከል ጮኸ። የቡዳው ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በሚቀጥለው እሑድ አባ ማርቆስ ቁርባኑን ይዘው ቢዞሩ ከሁለት አሮጊቶች በቀር የቀረበ አልነበረም። እኛ፣ አገሩ ሁሉ በአንድ ዋንጫ አብሮን የማይጠጣ ሰዎች፣ እኛው ደግሞ የምንጸየፈው ሰው አገኘን። ትርንጎ በሩ አጠገብ ተንበርክካ ነበር። ያን ዕለት ጭራሽ አላለቀሰችም።

አባ ማርቆስ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። «ካሰች፣ ለጊዜው ብቻሽን ጋግሪ። ትርንጎ ወደ ብረቱ አትጠጋ። ሕዝቡ እስኪረጋጋ ነው» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ይህን ነገር ስመኝ ኖሬያለሁ። ብረቱን ለብቻዬ። በዕድሜዬ ጸሎቴ ተሰማ የምለው ነገር ቢኖር ይህ ነበር። ግን በፈንቴ አፍ በኩል ሲመጣልኝ ጠላሁት። ላሸንፋት እፈልጋለሁ እንጂ እንዲህ አይደለም። እንዲህ ከሆነማ የምትሸነፈው እሷ ሳትሆን እኔው ነኝ፤ ሰው ነገ ስለ እሷ ያዝናል፣ ያመሰግናታል፣ እኔን ማን ያስታውሰኛል?

እማሆይ በዚያ ጊዜ ጉልበታቸውን ሊነከሩ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው ነበር። በእግሬ ሄድሁ። ከታመሙ ሴቶች መካከል ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ እግራቸውን ከሚጨሰው ውሃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። እስክጨርስ ውሃውን በእጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሲያፈሱ ቆዩ።

«ብረቱን ማን የቀጠቀጠው ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው እንጂ።»

«የፈረንጁማ ገና አንች ሳትመጪ ተሰነጠቀ። ርብ ማዶ ወስጄ ለቀጥቃጭ ሰጠሁት። አየና አዲስ ሠራልኝ፤ መስቀሉንም በመሮ እሱ ነው የፈለፈለው። የትርንጎ አባት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የቆረባችሁት ከእሱ እጅ ነው።»

መቀመጫ ፈልጌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያስብ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያሰብሁት አንድ ነገር ነው፤ ብረቱም የእሷ ወገን ሆነ! በዓለም ላይ የእኔ የምለው አንድ ዕቃ ነበር፣ እሱም ከቤቷ የወጣ ሆኖ ተገኘ።

እማሆይ ፊቴን አይተው ገባቸው መሰለኝ ሳቁ። «አይዞሽ። ብረቱን የምሰጠው ለአንች ነው።»

«ለምን? ፈንቴን ፈርተው ነው?»

«ፈንቴ የማን ድመት ነው! ስሚ። ትርንጎ ጸሎት ስትጀምር ትጠፋለች፤ እሷ ስትጠፋ ኅብስቱ ያርራል። አንች ደረቅ ነሽ። ደረቅ ሰው ጊዜ ያውቃል። ሕዝቡ የሚበላው የአንችን ጸሎት ነው እንጂ የእሷን አይደለም። እሳቱንና ማሰሮውን ለእሷ ተያት።»

የተመኘሁትን ሰጡኝ፣ ደረቅም አሉኝ። እስከ ወረታ ድረስ ሁለቱን ቃላት እያላመጥሁ ሄድሁ፤ የትኛው ምርቃት፣ የትኛው ስድብ እንደሆነ ሳልለየው ገባሁ።

በቀጣዩ እሑድ እማሆይ በበቅሎ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ብረቱን ይዘው ቆሙ። ፈንቴ ሲመጣ አስቆሙት።

«ፈንቴ፣ ስንት ዓመት ቆረብህ?»

«ኧረ እማሆይ፣ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ነዋ።»

«ይህን ብረት የሠራው የትርንጎ አባት ነው። መስቀሉም የእሱ ነው። እስካሁን ማን በላህ?»

ፈንቴ ብረቱን አየ፣ እማሆይን አየ፣ ሆዱን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገ። «ለካ ሆዴ የሚያጉረመርመው ያለ ነገር አልነበረም» አለ። ሰው ሳቀ። ፈንቴ ግን አልሳቀም፤ ያን ዕለትም አልቆረበም። ሚስቱ ግን ያችን ታማ የዳነች ልጇን አዝላ ከሁሉ ቀድማ ቀረበች። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተከተሏት። አባ ማርቆስም «አትጠጋ» ያሉትን ሁለተኛ አላነሡትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሥራ ብቻ ነው። እኔ ብረቱን፣ እሷ እሳቱን ይዘን ኖርን። በበጋ ብረቱን በከረጢት አንግቤ ሜዳውን እያቋረጥሁ፣ ቅዳሴ በየወሩ በሚደረግባቸው ሁለት መንደሮች እየዞርሁ ጋገርሁ። እማሆይ አረፉ። አባ ማርቆስም አርጅተው ወደ አገራቸው ሄዱ፤ የአገራችን ሰው የሆኑ አዲስ አባ መጡ። ሰው ጸሎት ሲፈልግ ወደ ትርንጎ ይሄዳል፤ የታመመ፣ ልጅ ያጣች፣ ባሏ የከዳት፣ ሁሉም «ትርንጎ፣ አልቅሽልን» ይላታል። ወደ እኔ የሚመጡት የኅብስት ቁርጥራጭ የሚለምኑ ልጆች ናቸው። ብለምደውም እየቆየ ይቆጠቁጠኝ ነበር።

እንግዲህ ያ የአስመራ ካርቶን በሰኔ መጣ። ብረቱን አጽድቼ፣ ሰም ቀብቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት። ትርንጎ ግን ሆዷን ከታመመች ሰንብታ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ተኛች። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አስጠራችኝ። ደጁ ላይ አደይ አበባ ፈክቶ፣ ሴቶች አልጋዋን ከበው ነበር። «ከካሰች ጋር ተዉኝ» ብላ አስወጣቻቸው።

«እታለም፣ ጸሎቱን በይልኝ።»

«አባን ልጥራልሽ እንጂ!»

«አባ ጧት መጥተው የሕሙማን ቅባት ቀብተውኝ ሄደዋል። አንች በይልኝ። እኔ የጸሎቱ መጨረሻ ላይ ደርሼ አላውቅም።»

የትኩሳት ወሬ መሰለኝ። «ምን ማለትሽ ነው? ስትጸልይ አይደለም የኖርሽው?»

«እሱን ሰው ነው ያለው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ወንድ ልጅ ነበረኝ። ወደ እናንተ ሳልመጣ ነው፤ ውሃው ሜዳውን በሸፈነበት ዓመት፣ ወባ ወሰደብኝ። ‹የማሕፀንሽም ፍሬ› ስል እሱ ይመጣብኛል። እዚያው እቀራለሁ። እኔ ልጄን ሳለቅስ፣ ሰዉ ጸለየች ይላል። ለአባ ማርቆስ ልነግራቸው ስንት ጊዜ ተነሥቼ አፈርሁ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ልጅ እንደነበራት አንድም ሰው አያውቅም ነበር፤ እኔም ሳልጠይቃት ኖርሁ።

«አንች ብረቱን ይዘሽ ስትይ ከእሳቱ ማዶ ሆኜ እሰማሻለሁ» አለችኝ። «ሳትቆሚ፣ ሳትሰበሪ፣ እስከ አሜን ትሄጃለሽ። በእያንዳንዱ ኅብስት። አቤት የቀናሁብሽ ቅናት! እግዜር ይህችን ሴት ከየት ፈጠራት፣ እንዴት ብሎ አጸናት እላለሁ። ያን የጳጳሱን ዕለት ያልሽልኝ ጸሎት፣ በዕድሜዬ መጨረሻው ድረስ የሄድሁት እሱ ብቻ ነው። አንች ስለያዝሽኝ ነው።»

ሰው ሊሞት በተኛበት ደስ ሊለኝ እንደማይገባ አውቃለሁ። ደስ አለኝ። እሷ በእኔ ቀንታ! ከእግሬ ጀምሮ እስከ ራሴ ሞቀኝ። ወዲያው ደግሞ ያ ሙቀት ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ፣ ስሙን አላውቀውም፤ እጇን ያዝሁት። ቀላል ነበር፤ ከብረቱ እጀታ የቀለለ።

ጀመርሁ። በዚያው በለመድሁት፣ በማይወጣ በማይወርድ ድምፄ። «ጸጋን የተመላሽ ማርያም ሆይ…» እንባዋ ወዲያው መጣ። «የማሕፀንሽም ፍሬ» ስል ጣቶቿ እጄን ጭምቅ አደረጉት፤ የእኔም አንጓ በልማዱ ብረት እንደያዘ ሰው ዞረ፣ እጇን ይዞ ዞረ። አልቆምሁም። ብቆም እዚያው እንደምትቀር አውቅ ነበር። «ቅድስት ማርያም የአምላክ እናት ሆይ» አልሁ፤ «ለምኝልን» አልሁ፤ «አሁንም» አልሁ፤ ከንፈሯ ከእኔ ጋር መንቀሳቀስ ጀመረ። «በሞታችንም ጊዜ።»

«አሜን» አለች ትርንጎ።

በሦስተኛው ቀን አረፈች። እዚህም ቀደመችኝ። ለቀብሯ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም፣ ቁሐርም ርብ ማዶም መጣ፤ ፈንቴ ሳይቀር ሬሳ ተሸከመ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። የእኔ ዓይን ደረቅ ነበር። «ያች ካሰች ልቧ ድንጋይ ነው፤ ያን ያህል ዘመን አብረው ኖረው» ሲሉ ከኋላዬ ሰማኋቸው።

ያልቅሱላት። እስከ አሜን ያደረስኋት እኔ ነኝ።